ክፍት በር፣ ዝግ ቃል፦ የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብና የዲዛይን ሕዝባዊ ገለጻዎች ለየትኛው ሕዝብ ናቸው?

በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ የዲዛይን ኮሌጅና የሥነ ጥበብ ትምህርት ክፍል የሚዘጋጁ ገለጻዎችና የፓናል ውይይቶች በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ መግቢያውም ነፃ ነው። ይህ ሐሰት አይደለም። ሆኖም በሩ የተከፈተለት ሰው ገብቶ የሚነገረውን መረዳት ካልቻለ፣ የገባው አዳራሹ ውስጥ እንጂ ውይይቱ ውስጥ አይደለም። በሥራ ሰዓቱ ምክንያት ጭራሹኑ መምጣት የማይችለው ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ነው።

የዚህ ማስታወሻ አቋም አጭር ነው። የሥነ ጥበብና የዲዛይን ገለጻ የምሁራን የምሽት መዝናኛ አይደለም። ቤት፣ መንገድ፣ ባቡርና አደባባይ እንዴት መሠራት እንዳለባቸው የሚወሰንበት አነጋገር የሚቀረጽበት ቦታ ነው። ከዚያ የቀረ ማኅበረሰብ ውሳኔው በሚሰጥበት ቀንም ይቀራል። ስለሆነም በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው ሕዝባዊ ገለጻዎች፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በትግርኛ የሚናገሩት ጎረቤቶቹ የሚሳተፉባቸው እንዲሆኑ መጠየቅ ልመና አይደለም፤ መብትን ማስታወስ ነው።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነዳፊ፣ ሁለት ዳርቻ

በሚኒያፖሊስ የሴዳር ሪቨርሳይድን ሰፈር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ባለቀለም ሳንቃ የተለጠፈባቸው ረጃጅም የሲሚንቶ ሕንፃዎች ከሩቅ ይታያሉ። ሪቨርሳይድ ፕላዛ የሚባለው ይህ የመኖሪያ ስፍራ በ1973 ተከፈተ። ስድስት ሕንፃዎችና ከ1,300 በላይ መኖሪያዎች ያሉት ሲሆን ትልቁ ሕንፃ 39 ፎቅ ነው። ሲታሰብ ባለ ብዙ ገቢውም ባለ ዝቅተኛ ገቢውም ጎን ለጎን እንዲኖርበት ነበር። በኋላ ግን ከሶማሊያ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ብዙ ስደተኞች በአሜሪካ የመጀመሪያ ቤታቸውን ያገኙበት ሰፈር ሆነ። በ2010 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገብቷል።

የዚህ ስፍራ ነዳፊ ራልፍ ራፕሰን ነው። ራፕሰን ከ1954 እስከ 1984 ድረስ የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲን የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት መርቷል። ዛሬ የዲዛይን ኮሌጁ የሥነ ሕንፃ ትምህርት የሚሰጥበት አዳራሽ በስሙ ይጠራል። አዳራሹ ከሚሲሲፒ ወንዝ ምሥራቅ ነው፤ ሪቨርሳይድ ፕላዛ ከወንዙ ምዕራብ። በመካከላቸው የዋሽንግተን አቬኑ ድልድይ አለ። በአረንጓዴው የባቡር መስመር ለሚሄድ ሰው ወንዙን መሻገር የአንድ ፌርማታ ጉዞ ነው።

የሥነ ጥበብ ትምህርት ክፍሉ ይበልጥ ይቀርባል። በ2003 የተከፈተው የሬጂስ የሥነ ጥበብ ማእከል ከሰፈሩ ጋር በአንድ ዳርቻ ላይ ይገኛል፤ ከሪቨርሳይድ ፕላዛ በእግር የሚደረስበት ነው።

እንግዲህ አንድ ነዳፊ በሁለት መንገድ ይታወሳል። በአንዱ ዳርቻ ስሙ በአዳራሽ ላይ ተጽፎ ሥራው ይጠናል። በሌላው ዳርቻ ሰዎች በሥራው ውስጥ ይወልዳሉ፣ ያሳድጋሉ፣ ያረጃሉ። ሊፍቱ ሲበላሽ ስንት ፎቅ በእግር እንደሚወጣ፣ የክረምት ነፋስ በሕንፃዎቹ መካከል እንዴት እንደሚያፏጭ፣ የአምስት ልጆች እናት ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ እንጀራ ለመጋገር ምን ያህል እንደምትቸገር የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ስለ ዘመናዊ የመኖሪያ ሕንፃ በሚደረግ የፓናል ውይይት ላይ ከዚህ የበለጠ እውቀት ከየት ሊመጣ እንደሚችል ማስረዳት ያለበት አዳራሹ ነው።

ገለጻ የውሳኔ ደጃፍ ነው

ይህ ሁሉ ስለ አንድ ምሽት ንግግር ለምን እንደሚነሣ የሚጠይቅ አይጠፋም። መልሱ በመንትያዎቹ ከተሞች የቅርብ ታሪክ ውስጥ ተጽፏል።

ሚኒያፖሊስን ከሴንት ፖል የሚያገናኘው አረንጓዴው የቀላል ባቡር መስመር ሰኔ 14 ቀን 2014 ተከፈተ። ከዚያ በፊት በነበረው ዕቅድ፣ በሴንት ፖል ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ባቡሩ ጥቁር አሜሪካውያን፣ እስያውያንና አፍሪካውያን ስደተኞች በብዛት የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች ሲያልፍ ጣቢያዎቹ እጅግ ተራርቀው ነበር። መኪና የሌለው ሰው በሚበዛበት ቦታ ባቡሩ የሚያልፈው ሳይቆም ነበር ማለት ነው። የሰፈሩ ሰዎች ተደራጅተው ተከራከሩ። በ2010 መጀመሪያ ላይ የፌዴራሉ መንግሥት የወጪ ስሌት መመሪያውን ካሻሻለ በኋላ ዌስተርን፣ ቪክቶሪያና ሃምሊን የተባሉት ሦስት ጣቢያዎች በዕቅዱ ተካተቱ። ዛሬ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት በቪክቶሪያ ጣቢያ ስትሳፈር፣ የምትሳፈረው በነባሩ ዕቅድ ባልነበረና ሰዎች ተከራክረው ባስገኙት ጣቢያ ነው።

በዚያው ወቅት ዩኒቨርሲቲውም ስለዚሁ መስመር ቅሬታ ነበረው። ባቡሩ በግቢው መካከል ሲያልፍ የሚፈጥረው ንዝረት የምርምር መሣሪያዎቹን እንዳያውክ ሠጋ። በ2009 ፍርድ ቤት ሄደ፤ ጉዳዩም በ2010 በስምምነት ተቋጨ። ስጋቱ ምክንያታዊ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውን በዚህ የሚወቅስ የለም። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር ነው። አንደኛው ወገን መሐንዲስ፣ ጠበቃና የንድፍ ቋንቋ በቤቱ ነበረው። ሌላኛው ወገን ያንን ቋንቋ በስብሰባ ላይ፣ ከሥራ በኋላ፣ ደክሞት መማር ነበረበት። ሁለቱም ተደመጡ፤ የከፈሉት ዋጋ ግን እኩል አልነበረም።

ሁለተኛው ምሳሌ ያሳዝናል። ኅዳር 27 ቀን 2019 ሌሊት፣ በሴዳር ሪቨርሳይድ በሚገኝ የሕዝብ መኖሪያ ሕንፃ 14ኛ ፎቅ ላይ እሳት ተነሣ። አምስት ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ሲሆን በመኖሪያ ፎቆቹ ላይ የእሳት ማጥፊያ የውሃ መርጫ አልነበረውም፤ በተሠራበት ዘመን የነበረው ሕግ አያስገድድም ነበርና። አንድ ገለጻ ያንን እሳት ያጠፋ ነበር ማለት ቅጥፈት ይሆናል። ነገር ግን አንድ ነዋሪ ቤቱ ምን እንደጎደለው የሚያውቀው፣ ያም ጉድለት ስም እንዳለው፣ የሚጠየቅበት ቢሮም እንዳለ የሚረዳው፣ ስለ ሕንፃ የሚያውቁ ሰዎች እርሱ በሚሰማው ቋንቋ ሲነግሩት ነው። ይህ እውቀት በወንዙ ማዶ አለ። የሚሻገርበት ድልድይም አለ። የጎደለው አስተርጓሚ ነው።

ዕቅድ ካለቀ በኋላ የሚጠራ የሕዝብ ስብሰባ ለስደተኛው ማኅበረሰብ እንግዳ አይደለም። ወረቀቱ ታትሟል፣ ቀለሙ ደርቋል፣ አስተያየት ለመስጠት ሁለት ደቂቃ ተፈቅዷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። ጅቡ ሳይመጣ መጮህ የሚቻለው ጉዳዩ ገና ሐሳብ ሆኖ በሚነገርበት ቦታ፣ ማለትም በገለጻውና በፓናሉ ላይ ነው።

አራት መከላከያዎች

የመጀመሪያው መከላከያ በሩ ክፍት ነው፣ የማይመጣ ሰው ያልመጣው ስላልፈለገ ነው ይላል። ይህ አባባል ሰዓትን ይረሳል። ምሽት ላይ አረጋውያንን በሚንከባከብ፣ ታክሲ በሚያሽከረክር ወይም በአየር ማረፊያ ፈረቃ በሚገባ ሰው ዘንድ የሥራ ቀን ምሽት የዕረፍት ጊዜ አይደለም። ቋንቋንም ይረሳል። ዕለታዊ እንግሊዝኛ የሚበቃው ሰው ሁሉ ስለ ሥነ ሕንፃ ንድፈ ሐሳብ የሚነገረውን እንግሊዝኛ አይከታተልም፤ ብዙ በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው እንኳ አይከታተለውም።

ሁለተኛው መከላከያ ጥበብ ትርጉም አያስፈልገውም የሚል ነው። ስለ ሥዕሉ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ስለ ገለጻው ግን አይደለም። ገለጻ ማለት ሥዕሉ በራሱ የማይናገረውን በቃል ማብራራት ነው። ቃል ደግሞ ካልተሰማ የለም።

ሦስተኛው መከላከያ ወጪ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መታየት አለባቸው። አንደኛ፣ መስማት የተሳነው ተሳታፊ ከጠየቀ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ማቅረብ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደ ሥርዓት ሆኗል። ለዚህ በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ትልቅ ድርሻ አለው። የሁለቱ ጥያቄዎች ሕጋዊ መሠረት አንድ አይደለም፤ ነገር ግን አሠራሩ አንድ ነው። ቀድሞ ማስታወቅ፣ ጥያቄ መቀበል፣ ባለሙያ መቅጠር፣ መቀመጫ ማዘጋጀት። ሊሠራ የሚችል መሆኑ በየጊዜው እየታየ ነው።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ የማን እንደሆነ መታወስ አለበት። በ2008 የሚኔሶታ መራጮች የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት አሻሽለው የሽያጭ ግብሩ ለ25 ዓመታት በአንድ መቶኛ ሦስት ስምንተኛ ከፍ እንዲል ወሰኑ። ከሚሰበሰበው 19.75 በመቶ ለሥነ ጥበብና ለባህላዊ ቅርስ የተመደበ ነው። ግብሩ በሚከፈልበት ዕቃ ላይ 100 ዶላር ያወጣ ማንኛውም ሰው 37 ሳንቲም ተኩል ለዚህ ሕግ ይከፍላል። ግብሩ ሲሰበሰብ ማንም ከየት እንደመጣ አይጠየቅም፤ የታክሲ ሹፌሩም፣ የሱቅ ባለቤቱም፣ ሠራተኛዋም ከፍለዋል። ሕጉ እስከ 2034 የሚቆይ ነውና ለትርጉም የሚሆን ድጋፍ ከዚህ ምንጭ ለመጠየቅ ጊዜው አላለፈም።

አራተኛው መከላከያ ሕግ አያስገድድም የሚል ነው። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰዎችን በመጡበት ሀገር ምክንያት እንዳያገል ይከለክላል። እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎት ተደራሽ እንዲሆን በ2000 የወጣው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በመጋቢት 2025 ተሽሯል። ትእዛዙ ቢሻርም ሕጉ አልተሻረም። እያንዳንዱ ገለጻ መተርጎም አለበት የሚል ግልጽ የሕግ ግዴታ አለ ማለት ማጋነን ይሆናል። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ የሚለካው ከመከሰስ በመዳኑ ብቻ አይደለም። የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ኮንግረስ በ1862 ባወጣው የመሬት ስጦታ ሕግ ተጠቃሚ የሆነ ተቋም ነው። ያ ሕግ ከፍተኛ ትምህርት የጥቂቶች ርስት እንዳይሆንና ለሠርቶ አደሩም እንዲደርስ የታሰበ ነበር። የተሰጠው መሬት ከነባር ሕዝቦች የተወሰደ መሆኑ ደግሞ ግዴታውን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም።

የሚኔሶታ ግዛት የመራጮች መመዝገቢያ ቅጽ በአማርኛ ያቀርባል። ዜጋው በቋንቋው እንዲመርጥ ከተፈቀደለት፣ ስለሚኖርበት ቤትና ስለሚሄድበት መንገድ በቋንቋው እንዲያስብ የማይፈቀድበት ምክንያት ምንድን ነው?

ድሃ ሀገር የሠራችው

ይህን ጥያቄ የሚያነሡት ሰዎች ከየት እንደመጡ መታወቁ ይጠቅማል። ዩኒቨርሲቲ ወደ ሕዝብ መሄድ አለበት የሚለው ሐሳብ ለኢትዮጵያውያን አሜሪካ ያስተማረቻቸው አይደለም።

በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎትን ጀመረ። ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ወርደው በአብዛኛው በመምህርነት አገለገሉ። የሄዱት ለማስተማር ነበር፤ ብዙዎቹ የተመለሱት ግን ሀገራቸውን ተምረው ነው። ሕዝቡ ወደ አዳራሹ እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ አዳራሹን ወደ ሕዝቡ የማድረስ አሠራር ነበር።

በ1979 ደግሞ ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻውን ያካሄደው መንግሥት በሕዝቡ ላይ ያደረሰው ግፍ አይረሳም፤ በመንትያዎቹ ከተሞች ከሚኖሩት አረጋውያን ብዙዎቹ የተሰደዱት ከዚያው መንግሥት ሸሽተው ነው። ይሁን እንጂ ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ማስተማሩ የታሪክ እውነት ነው። በዓለም እጅግ ድሃ ከሚባሉት ሀገሮች አንዷ በ15 ቋንቋዎች ፊደል ማስቆጠር ከቻለች፣ ከሀብታሚቱ ሀገር ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ በአራት ቋንቋዎች አንድ ምሽት ማስተርጎም አልችልም ቢል ምክንያቱ የአቅም ማነስ ሊሆን አይችልም።

በሥነ ጥበብም ቢሆን ኢትዮጵያውያን ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ከሚኔሶታ እምብዛም በማትርቀው በቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርቱን ተከታትሎ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ሀገሩ ተመለሰና የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረተ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተብሎ በስሙ ይጠራል። በ1960ዎቹ እስክንድር ቦጎስያንና ገብረ ክርስቶስ ደስታ አስተምረውበታል። ሁለቱም ሕይወታቸው ያለፈው በአሜሪካ ነው፤ ገብረ ክርስቶስ በ1981 በኦክላሆማ፣ እስክንድር በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ካስተማረ በኋላ በ2003 በዋሽንግተን። በሴንት ፖል ተወልዶ ያደገ ኢትዮጵያዊ ወጣት ይህን የትውልድ ሐረግ ሳይሰማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ቢቆም ራሱን እንግዳ አድርጎ ያያል። እንግዳ ግን አይደለም።

መድረኩ ላይ የሚቀመጠው

ትርጉም ብቻውን አይበቃም። የሚተረጎመው የማን ቃል እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

በ2003 ሚኒያፖሊስ ውስጥ አንድ ጥሩ ምሳሌ ታይቷል። በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የመጣችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ፣ በዎከር የሥነ ጥበብ ማእከል ተጋብዛ ስትሠራ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አሳተፈች። ወጣቶቹ ኑሯቸውን በፎቶግራፍና በድምፅ መዘገቡ። ከዚህም ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ናቸው የሚል ርእስ ያለው የኢንተርኔት ሥራ ወጣ። ርእሱ ራሱ ሙግት ነው። ስደተኛው በከተማው ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ሳይሆን ከተማውን ከተማ ከሚያደርጉት አንዱ ነው ይላል። በ2021 መገባደጃ የምሕረቱ የብዙ ዓመታት ሥራ ስብስብ በዚያው ማእከል ለእይታ ሲቀርብ የሠዓሊዋ ስም በዓለም የታወቀ ነበር።

ምሳሌው ግን መጠንቀቂያም አለው። ዝነኛ ሰው መጋበዝ ቀላል ነው። ኢትዮጵያዊ ስም በፕሮግራሙ ላይ መታተሙ ኢትዮጵያውያን በአዳራሹ መገኘታቸውን አያረጋግጥም። ጥያቄው ሥራዋ የተደነቀላት ሠዓሊ አንድ ምሽት መናገሯ ሳይሆን፣ ስሙ የማይታወቀው ባለሙያ እንደ ባለሙያ መቆጠሩ ነው።

የዲዛይን ኮሌጁ የልብስ ዲዛይን ያስተምራል፤ በሴንት ፖል ግቢውም የጨርቃ ጨርቅና የአልባሳት ስብስብ ያለው የጎልድስታይን የዲዛይን ሙዚየም አለ። በመንትያዎቹ ከተሞች ደግሞ ጥጥ ስትፈትል ያደገች፣ ከጥለቱ የሸማውን ሥራ የምታውቅ፣ ጥበቡን ከነጠላው ጋር እንዴት እንደሚያዋድዱት የምታስረዳ እናት አለች። የመስቀል ጉልላት አሠራር ያጠና ዲያቆን አለ። ቡና ለማፍላት ጀበናው፣ ረከቦቱና ማጨሻው ለምን በዚያ ቅርጽ እንደተሠሩ የምትናገር ባለሙያ አለች። እነዚህን ሰዎች ለጌጥ፣ በመክፈቻው ላይ ቡና እንዲያፈሉ መጥራት ክብር አይደለም። ፓናሉ ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ፕሮፌሰሩ እኩል ጊዜና እኩል የአገልግሎት ክፍያ ሰጥቶ፣ በቋንቋቸው እንዲናገሩ አድርጎ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው ማስተርጎም ግን ክብር ነው። ያን ጊዜ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ የሚያደርገው ፕሮፌሰሩ ይሆናል።

የራስ ቤት ወቀሳ

ሚዛኑን ለመጠበቅ በማኅበረሰቡ ውስጥ ያለው ጉድለትም መነገር አለበት። ልጄ ሠዓሊ እሆናለሁ ሲል እንደ ሞት መርዶ የሚሰማ ወላጅ ብዙ ነው። ሥዕል የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሲሆን ይከበራል፤ ልጅ ሲማረው ግን የሥራ አጥነት መንገድ ይባላል። ዲዛይን ሕንፃ፣ ልብስ፣ መንገድ፣ የስልክ ገጽና የሆስፒታል ክፍል የሚነደፍበት ሙያ መሆኑ ለብዙ ቤተሰብ ተነግሮ አያውቅም። ይህን የሚነግረው ደግሞ ወላጅ ከልጁ ጋር ተቀምጦ የሚሰማው ገለጻ ነበር።

የማኅበረሰብ ማኅበራትም አሉበት። ለበዓል አዳራሽ ለመከራየት ገንዘብ የሚያዋጣ ማኅበር፣ ለዩኒቨርሲቲው አንዲት የጥያቄ ደብዳቤ ካልጻፈ ወቀሳው ወደ አንድ ወገን ብቻ መወርወር የለበትም። ያልተጠየቀ ተቋም ማንም አልጠየቀኝም ብሎ ያመልጣል። ይህ ማምለጫ መዘጋት አለበት።

ምን ይደረግ?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ትንሽ፣ ሊቆጠሩና ሊመረመሩ የሚችሉ ናቸው።

ከዩኒቨርሲቲው፦

1. በየሴሚስተሩ ቢያንስ ሁለት ሕዝባዊ ገለጻዎች ወይም የፓናል ውይይቶች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በትግርኛ በቀጥታ እንዲተረጎሙ፤ ማስታወቂያው ከአንድ ወር በፊት በእነዚሁ ቋንቋዎች እንዲወጣ።

2. ከእነዚህ አንዱ ከግቢው ውጭ፣ በሴዳር ሪቨርሳይድ ወይም በሴንት ፖል ዩኒቨርሲቲ አቬኑ አካባቢ በሚገኝ የማኅበረሰብ ማእከል ወይም ቤተ መጻሕፍት፣ ፈረቃ ሠራተኛው ሊመጣ በሚችልበት ሰዓት እንዲካሄድ፤ ልጆች የሚቆዩበት ክፍልም እንዲዘጋጅ።

3. ርእስ በሚመረጥበት ጊዜ ከሰፈሩ ነዋሪዎች ጋር ምክክር እንዲደረግ። የረጃጅም መኖሪያ ሕንፃዎች የእሳት ደህንነት፣ የባቡርና የአውራ ጎዳና ዕቅዶች፣ የአምልኮ ቦታ ንድፍና የሽመና ጥበብ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ።

4. ከማኅበረሰቡ የሚጋበዝ ተናጋሪ ለሌሎቹ ተናጋሪዎች የሚከፈለውን ያህል እንዲከፈለው።

5. የገለጻዎቹ ቅጂ ከትርጉም ጽሑፍ ጋር በነፃ እንዲቀመጥ፤ በዕለቱ ሥራ ላይ የነበረ ሰው በኋላ እንዲያየው።

6. ስንት ገለጻ እንደተተረጎመና ስንት ሰው በትርጉም እንደተከታተለ የሚያሳይ ዓመታዊ ዘገባ ለሕዝብ እንዲቀርብ።

ከማኅበረሰቡ፦

1. የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የሶማሊያ ተወላጆች ማኅበራት በየፊናቸው ከመጻፍ ይልቅ አንድ የጋራ ደብዳቤ ለኮሌጁ ዲንና ለሥነ ጥበብ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እንዲያቀርቡ። አራት ቋንቋ በአንድ ወረቀት ላይ ሲፈርም አንዱ ለሌላው ሰበብ አይሆንም።

2. አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ገለጻዎቹን ከሌሎች ማስታወቂያዎች ጋር እንዲያሰሙ።

3. ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን፣ ወንዙን እንዲሻገሩ።

ወንዙ ጠባብ ነው፤ ድልድዩም ተሠርቷል። የሪቨርሳይድ ፕላዛ ነዋሪ በመስኮቱ ሲመለከት ዩኒቨርሲቲውን ያያል። ዩኒቨርሲቲውም ወደ ምዕራብ ሲመለከት ባለቀለሙን ሕንፃ ያያል። ሃምሳ ዓመት የተያዩ ጎረቤቶች መነጋገር የሚጀምሩበት ጊዜ ደርሷል። ንግግሩን የመጀመር ኃላፊነት በመጀመሪያ የሚወድቀው ማይክሮፎኑን በያዘው ላይ ነው።